ሁለት ስሞች በእርሻ ሕግ ውስጥ፦ የሚኪ ሊላንድ መታሰቢያ ፌሎውሺፕ የጉዳይ ጥናት

ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ በ2002 ፈርመው ያጸደቁት የአሜሪካ የእርሻ ሕግ እጅግ ሰፊ ሰነድ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ስለ እህል ድጎማ፣ ስለ አፈር ጥበቃ፣ ስለ ገበሬ ብድርና ለድሆች ስለሚሰጥ የምግብ ድጋፍ ይደነግጋል። የምግብ ድጋፉን በሚመለከተው ምዕራፍ ውስጥ ግን ከእርሻ ጋር ያለው ዝምድና ወዲያው የማይታይ አንድ ክፍል ገብቷል። ይህ ክፍል በሥራ ላይ ሳሉ ላረፉ ሁለት የምክር ቤት አባላት፣ ለቢል ኤመርሰንና ለሚኪ ሊላንድ፣ መታሰቢያ እንዲሆን ታስቦ በረሃብና በድህነት ጉዳይ ላይ ለመሥራት ቆርጠው ለሚነሡ ወጣቶች የሚሰጥ ፌሎውሺፕ (አበል እየተከፈለ በሥራ ላይ የሚሠለጥኑበት ዕድል) አቋቁሟል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጥናት ከሁለቱ መታሰቢያዎች ይበልጥ የሚያተኩረው በሊላንድ ስም በሚጠራው ላይ ነው። አንደኛው ምክንያት ሰውየው ሕይወታቸው ያለፈው በአገራችን ምድር፣ ወደ ጋምቤላ አካባቢ በመብረር ላይ ሳሉ መሆኑ ነው። ዋናው ምክንያት ግን መታሰቢያው የተቀረጸበት መንገድ ነው። በሟች ስም የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ አለው፦ ቤተሰብና ወዳጅ ገንዘብ ያዋጣል፣ ተማሪው ስለ ታሪክ ወይም ስለ ማኅበራዊ ችግር ድርሰት ይጽፋል፣ ክፍያው ለዩኒቨርሲቲው ይገባል፣ የሟቹም ስም በምስክር ወረቀቱ አናት ላይ ይቀራል። ተማሪው ሟቹ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ፈጽሞ ባያውቅ እንኳ የሚቀርበት ነገር የለም። የሊላንድ ፌሎውሺፕ ከዚህ የሚለየው ዕድሉን ያገኘው ሰው ሟቹ በሄዱበት መንገድ እንዲሄድ የሚያስገድድ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህም ጥናቱ የሚጀምረው ከመንገዱ ነው።

የፋርማሲ ባለሙያው

በመዝገብ ስማቸው ጆርጅ ቶማስ ሊላንድ የሚባሉት ሚኪ ሊላንድ በ1944 በቴክሳስ፣ በላቦክ ከተማ ተወለዱ፤ ያደጉት ግን በሂውስተን፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሠፈር ነው። በ1970 ከቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመረቁ። ወዲያውም በድሃ ሠፈሮች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰዎች የት ሄደው መታከም እንደሚችሉ ማስረዳትና የመጀመሪያ ደረጃ የጤና ምርመራ ማድረግ ጀመሩ። በ1972 ለቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ሲመረጡ ከታወቁባቸው ጉዳዮች አንዱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች በንግድ ስም ከሚሸጠው ውድ መድኃኒት ይልቅ ተመሳሳዩን ርካሽ መድኃኒት እንዲያገኙ የሚያስችል ሕግ ነበር። መድኃኒት ቤት ቆሞ ሐኪም የጻፈለትን ወረቀት እያገላበጠ ዋጋውን ሰምቶ የሚመለስ ሰው ያየ ፋርማሲስት ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ሕግ ለማቅረብ የሚያስብ ብዙ አይገኝም።

በ1978 ባርባራ ጆርዳን የለቀቁትን የሂውስተን 18ኛ ወረዳ መቀመጫ አሸንፈው ዋሽንግተን ገቡ። በ1984 የተወካዮች ምክር ቤት ረሃብን የሚከታተል ልዩ ኮሚቴ ሲያቋቁም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር እርሳቸው ሆኑ። ስለዚህ ኮሚቴ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ልዩ ኮሚቴ በመሆኑ የሕግ ረቂቅ መርምሮ ለድምፅ የማቅረብ ሥልጣን አልነበረውም። ማድረግ የሚችለው ምስክር መስማት፣ ችግሩ ያለበት ቦታ ሄዶ ማየትና ያየውን ሪፖርት አድርጎ ሥልጣን ላላቸው ማሰማት ብቻ ነበር። ሊላንድም ሥልጣን ያልተሰጠውን ኮሚቴ ባለጉልበት ያደረጉት በዚሁ መንገድ ነው፤ መጠለያ ጣቢያዎችን ተዘዋውረው ያያሉ፣ ከዚያም ያዩትን እንደ ምስክር ሆነው ይናገራሉ። በሱዳን ስላዩዋት አንዲት ልጅ ደጋግመው ይተርኩ ነበር፦ ለአፍታ ፊታቸውን አዙረው ከሌላ ሰው ጋር ተነጋግረው ሲመለሱ ልጅቱ ሞታለች። ፊቷ በየቀኑ እንደሚታያቸው ይናገሩ ነበር።

ኮሚቴው የተቋቋመበት ጊዜ እኛ የሰባ ሰባቱ ረሃብ የምንለው የጀመረበት ወቅት ነበር። የረሃቡን ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው እዚህ አልዘረዝረውም፤ ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1984 መጋቢት አካባቢ ሚሊዮኖች ለረሃብ መጋለጣቸውን ለለጋሾች አስታውቆ ነበር። የዓለም ሕዝብ ነቅቶ የተንቀሳቀሰው ግን የቢቢሲ ካሜራ በጥቅምት ወር የኮረምን መጠለያ ካሳየ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለፉት ሰባት ወራት ናቸው። በእነዚያ ወራት ወሎና ትግራይ ውስጥ ያሉ የመስክ ሠራተኞች የሚያውቁት ነገር ውሳኔ ሰጪዎች ዘንድ አልደረሰም፣ ወይም ደርሶ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብሏል። አዲስ አበባ በበኩሏ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በዓል ለማድመቅ ትጣደፍ ነበር፤ በዋሽንግተን በኩል ደግሞ ከደርግ ጋር የነበረው ጠላትነት ዕርዳታውን ያጓትተው ነበር። ሊላንድ የሠሩት በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። በ1985 የአሜሪካ ምክር ቤት ለአፍሪካ ረሃብተኞች 800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲፈቅድ የኮሚቴው ሪፖርትና የሊቀ መንበሩ ውትወታ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም.

በዚህ ቀን፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1989፣ ሊላንድን የያዘች ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ ተነሣች። ፉኝዶ በጋምቤላ አካባቢ የሚገኝ የስደተኞች መጠለያ ሲሆን በዚያን ጊዜ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በእግራቸው ድንበር የተሻገሩ፣ ብዙዎቹ ወላጅ አልባ ወይም ከወላጅ የተለዩ ልጆች የተጠለሉበት ነበር። ክረምት ነውና ሰማዩ ከብዷል። አውሮፕላኗ መጠለያው ሳትደርስ ደጋማው ምድር ወደ ቆላው በሚወርድበት ተራራማ አካባቢ ጠፋች። ለስድስት ቀን ተፈለገች፤ ከአሜሪካ ጋር ግንኙነቱ የሻከረው የደርግ መንግሥት የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ በአገሪቱ ሰማይ ላይ እንዲፈልጉ ፈቀደ። ኦገስት 13 ስብርባሪዋ ሲገኝ ከተሳፈሩት 16 ሰዎች መካከል በሕይወት የተረፈ አልነበረም። 9ኙ አሜሪካውያን፣ 7ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ከኮሚቴ ወደ ማዕከል

በሟቹ ስም የሚጠሩ ነገሮች ወዲያው መብዛት ጀመሩ። በሂውስተን አውሮፕላን ማረፊያ ከውጭ አገር የሚመጡ መንገደኞች የሚቀበሉበት ሕንፃ በስማቸው ተሰየመ፤ በከተማዋ ያለ አንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃም እንዲሁ። የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤቱን በባርባራ ጆርዳንና በእርሳቸው ስም ይጠራዋል። የኢነርጂ ሚኒስቴርም ለሳይንስና ለምህንድስና ተማሪዎች በየክረምቱ የሚሰጠውን የ10 ሳምንት የሥራ ልምምድ የሚኪ ሊላንድ የኢነርጂ ፌሎውሺፕ ብሎታል። ይህ የመጨረሻው ጥሩ ዕድል መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም በላቦራቶሪ ውስጥ ስለ ጋዝ ቱቦ የሚያጠና ተማሪና መጠለያ ውስጥ ልጅ ሲሞት ያዩ ሰው የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። ሊላንድ በምክር ቤቱ የኢነርጂና ንግድ ኮሚቴ አባል ስለነበሩ ስያሜው መሠረት የለውም አይባልም፤ ግን ስምና ሥራ እንዴት እየተራራቁ እንደሚሄዱ ያሳያል።

ሥራው ራሱ ደግሞ አደጋ ላይ ወደቀ። ከሊላንድ በኋላ የረሃብ ኮሚቴውን የመሩት የኦሃዮው ቶኒ ሆል ነበሩ። በ1993 መጀመሪያ ምክር ቤቱ ወጪ ለመቀነስ በሚል የረሃቡን ጨምሮ አራት ልዩ ኮሚቴዎች እንዳይታደሱ አደረገ። ሆልም ውሳኔውን በመቃወም ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ለ22 ቀን ጾሙ። አንድ የምክር ቤት አባል ስለ ረሃብ ኮሚቴ መዘጋት ብለው ራሳቸው በመራባቸው በዚያን ጊዜ ያሾፈባቸውም አልጠፋም። እንደ እኛ ባለ ጾምን በሚያውቅ ኅብረተሰብ ዘንድ ግን ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሱባኤ ነው። ኮሚቴው በጾሙ ምክንያት አልተመለሰም። በምትኩ በዚያው ዓመት የኮንግረስ የረሃብ ማዕከል የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ተመሠረተ። ከሆል ጋር አብረው ካቋቋሙት አንዱ በፈረሰው ኮሚቴ ውስጥ የሪፐብሊካን ወገን መሪ የነበሩት የሚዙሪው ቢል ኤመርሰን ናቸው።

የማዕከሉ ዋና ሥራ ወጣቶችን ማሠልጠን ሆነ። ምርጫው አሳማኝ ነበር። የተዘጋው ኮሚቴ አንድ ተቋም ስለነበር በአንድ ውሳኔ ተዘግቷል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የተበተኑ የሠለጠኑ ሰዎችን ግን በውሳኔ መዝጋት አይቻልም። ኤመርሰን በ1996 በካንሰር ሲያርፉ ፕሮግራሙ ሁለተኛ ስም አገኘ። የሁለቱ ሰዎች ስም አንድ ላይ መቆሙ ራሱ ትምህርት አለው፤ አንዱ ከሂውስተን ድሃ ሠፈር የወጡ ጥቁር ዴሞክራት፣ ሌላው ከሚዙሪ ገጠር የመጡ ነጭ ሪፐብሊካን ነበሩ። በ2001 በውጭ አገር የሚሠራው ክፍል ሲጀመር የሥራ ክፍፍል ተደረገ፦ በኤመርሰን ስም የሚጠራው የአሜሪካን የውስጥ ረሃብ፣ በሊላንድ ስም የሚጠራው ዓለም አቀፉን እንዲመለከት ሆነ። የ2002ቱ ሕግም ይህንኑ አጸና። ክፍፍሉ ለአሠራር የሚመች ቢሆንም የሊላንድን ግማሽ ሥራ ይጋርዳል ብዬ አምናለሁ፤ ፋርማሲስቱ ሥራቸውን የጀመሩት ቤት ለቤት፣ በገዛ ሠፈራቸው ነበርና።

የፌሎውሺፑ አሠራር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የኤመርሰን ፌሎውሺፕ አንድ ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው አጋማሽ የሚያልፈው በአሜሪካ ከተሞችና ገጠሮች፣ ምግብ በሚያከፋፍሉ ወይም ድሆችን በሚያደራጁ የአካባቢ ድርጅቶች ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው አጋማሽ በዋሽንግተን፣ ፖሊሲ በሚያጠኑና በሚያስፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ነው። የሊላንድ ፌሎውሺፕ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። አንዱ ዓመት በአፍሪካ፣ በእስያ ወይም በላቲን አሜሪካ በመስክ ላይ፣ ሌላው ዓመት ውሳኔ በሚሰጥበት ቢሮ ይውላል። በሁለቱም ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ መስክ ይቀድማል፣ ቢሮ ይከተላል።

ይህ ቅደም ተከተል ከሰባ ሰባቱ ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ትርጉሙ ይጎላል። የዚያን ጊዜው ችግር መረጃ ማጣት አልነበረም፤ መረጃውን የያዘው ሰውና ውሳኔውን የሚሰጠው ሰው አንዱ የሌላውን ቋንቋ አለማወቃቸው ነበር። መጠለያ ውስጥ ያለው ሠራተኛ በጀት እንዴት እንደሚጸድቅ አያውቅም፤ በጀት አጽዳቂው ደግሞ አንድ እናት የዘር እህሏን ስትበላ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። ፌሎውሺፑ አንዱን ሰው በሁለቱም ወንበር ላይ በተራ ያስቀምጠዋል። በኤመርሰን በኩል ተሳታፊው የመስክ ጊዜውን ሲጨርስ በሥራው ላይ የተመሠረተ፣ ሌሎች አካባቢዎች ሊጠቀሙበት የሚችል ሪፖርት አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሊላንድ ከየጉዟቸው ሲመለሱ ያደርጉት የነበረውም ይኸው ነው።

የመመረጫ መስፈርቱም ከተለመደው ስኮላርሺፕ ይለያል። ሕጉ አመልካቾች በአገር አቀፍ ውድድር እንዲመረጡ ይደነግጋል፤ የሚታየውም በሰብዓዊ አገልግሎት መስክ ለመሥራት ያላቸው ቁርጠኝነት፣ የመሪነት ተስፋቸውና የሕይወት ልምዳቸው ነው። የትምህርት ዘርፍ አይወሰንም። ታሪክ ያጠና፣ ሥነ ምግብ ያጠና፣ ምጣኔ ሀብት ያጠና ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዩኒቨርሲቲ ክፍያ የሚሸፍን ገንዘብም አይደለም፤ ለተሳታፊው የሚሰጠው መጠነኛ የኑሮ አበልና አገልግሎቱን ሲፈጽም የሚታሰብ ክፍያ ነው። በእኔ ዕይታ ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅመው ይህ ነው። ስለ ረሃብ በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ረሃብን ድርቅ ያመጣው ክስተት አድርጎ ሊያስብ ይችላል። አንድ ዓመት በመስክ የቆየ ግን መንገድ በጦርነት ሲዘጋ፣ የከብት ዋጋ ሲወድቅ፣ የመንግሥት ዝምታ ሲረዝም እህል ባለበት አገር ሰው እንዴት እንደሚራብ ያያል፤ ከዚያ በኋላ የሚያነበው ታሪክ ሌላ መልክ ይይዛል።

ደካማ ጎኖቹም ሊነሡ ይገባል። የመጀመሪያው የመስኩ ጊዜ ማነስ ነው። ገበሬ ዓመትን የሚቆጥረው በመኸርና በበልግ ነው፤ በአንድ ዓመት የሚታየው አንድ መኸር ብቻ ነው። ዝናብ በደህና የጣለበትን ዓመት ያየ ሰው ሁሉም ዓመት እንዲሁ ይመስለዋል፤ ክፉውን ዓመት ያየም እንዲሁ። በዚያ ላይ የአገሩን ቋንቋ ለመልመድ ብቻ ግማሹ ዓመት ያልፋል። ሁለተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በ1975 ለፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን መታሰቢያ የሆነው ስኮላርሺፕ ሲቋቋም ምክር ቤቱ 30 ሚሊዮን ዶላር ቋሚ ገንዘብ አስቀምጦለት ስለነበር በወለዱ ይኖራል፤ ሐውልት ከማቆም ይልቅ ሕያው መታሰቢያ የሚለው አሳብም በዚያው ሕግ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የረሃብ ፌሎውሺፑ ግን ከ2008 ጀምሮ በእርሻ ሚኒስቴር በኩል በሚያልፍ፣ በየጊዜው በሚጸድቅ በጀት ላይ ይደገፋል። የረሃብ ኮሚቴውን የዘጋው የበጀት ቁጠባ መንፈስ ፌሎውሺፑንም ሊነካው እንደሚችል ያቋቋሙት ሰዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

በአገራችን ልማድ ሟች የሚታወሰው በምግብ ነው። በተዝካር ዕለት ድሃ ይበላል፣ ስሙም አብሮ ይነሣል። ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖቻችን በቅርብ ጊዜ በሟች ወላጅ ወይም መምህር ስም ስኮላርሺፕ ማቋቋም እየለመዱ ነው፤ በአንዳንዱ ቤት ለሙት ዓመት ድግስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ወደዚያ እየዞረ ነው። የሊላንድ ጉዳይ ለእነርሱ የሚያነሣው ጥያቄ የገንዘቡ መጠን አይደለም። ሟቹ መምህር ከነበሩ ተማሪው ማስተማርን እንዲሞክር፣ ነርስ ከነበሩ ጤና ጣቢያ ውስጥ እንዲያገለግል የሚያደርግ አንድ መስመር በማመልከቻው ውስጥ አለ ወይ የሚለው ነው።

ሳይነሣ የማይታለፍ ሌላ ነገር አለ። በሕጉ ውስጥ የሰፈሩት ስሞች ሁለት ናቸው፤ በአውሮፕላኗ ውስጥ የነበሩት ግን 16 ነበሩ። ሰባቱ ኢትዮጵያውያን ወደ ፉኝዶ የሄዱት እንደ ሊላንድ ለዚያው ጉዞ ነበር፤ በክረምት ሰማይ ወደ ጋምቤላ መብረር ምን ማለት እንደሆነም ከእንግዶቹ ይልቅ ያውቁ ነበር። የአሜሪካ ሕግ የራሱን ሰዎች ማስታወሱ አያስወቅሰውም። የእነርሱ ስም መጻፍ የነበረበት በእኛ መዝገብ ነው።

ፉኝዶ ደርግ ሲወድቅ፣ በ1991፣ ተበተነ። ልጆቹ የጊሎን ወንዝ እየተሻገሩ ወደ ሱዳን ተመለሱ፤ ብዙዎች በወንዙ ቀሩ። የተረፉት በእግራቸው እስከ ኬንያ፣ እስከ ካኩማ መጠለያ ደረሱ። ከእነርሱ መካከል በሺዎች የሚቆጠሩት ከ2000 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አሜሪካ ሲወሰዱ ከተቀበሏቸው ከተሞች አንዷ ሂውስተን ነበረች። የሊላንድ ዓለም አቀፍ ፌሎውሺፕም የተጀመረው በዚያው ሰሞን፣ በ2001 ነው።